መዳፏ ላይ

ዛሬ ከዚራ ፎቶኮፒ ቤት ተሰልፈን መብራት ጠፋ። ከፊቴ የሰፈራችን ልጅ አለች፤ ፊዚክስ ሦስተኛ ዓመት። ጥቃቅን ቅንጣቶችን የሚያጠናው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል፣ ሰርን (CERN)፣ ለሚሰጠው የክረምት የተማሪዎች ልምምድ ልታመለክት ትራንስክሪፕቷን ስካን ልታስደርግ ነው የመጣችው። እናቷም አብረዋት ነበሩ።

«ጨረር ምናምን ነው አሉ፤ አይጎዳትም?» ብለው ጠየቁኝ።

ልጅቷ ሂና የተቀባ መዳፏን ዘረጋች። «እማዬ፣ አሁንም በእጄ እያለፈ ነው እኮ!»

ከህዋ የሚመጣ ጨረር ከአየሩ ጋር ሲጋጭ ሙዮን የሚባሉ ቅንጣቶች ይወለዳሉ። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ በየደቂቃው አንድ ያህል ያልፋል። መዳፏ ላይ ጥፍር የምታህል ካሬ በጣቷ ሳለችላቸው። እናትየው እጇን ይዘው አተኩረው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው የራሳቸውን መዳፍ ዘረጉ።

ይሄ ነገር ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ሰርን ጋ፣ ጄኔቫ አጠገብ፣ ቅንጣቶችን የሚያጋጭ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ማሽን አለ። ኢትዮጵያ የሰርን አባል አይደለችም፤ ልምምዱ ግን አባል ካልሆኑ አገሮችም ተማሪ ይቀበላል። ስንት የድሬ ልጅ ይሄን ሰምቷል? ፊዚክስ የሚማር ልጅ ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ ንገሩት።

መብራቱ ሲመጣ ከኋላ አንዱ «አቦ እሷ ትቅደም!» አለ። ሰልፉ በሙሉ ገለል አለላት።