ከሕዝብ ግንኙነት በር አትጀምሩ

ክልል ከተማ ውስጥ በጋዜጠኝነት ጸጉሬ ሸብቷል። ለባለሙያ የሚሰጠውን ሥልጠና ሁሉ ወስጃለሁ፤ ሻይ ቡናውም አይከፋም። አንድ ሰነድ ከአንድ ቢሮ እንዴት ይወጣል ስትሏቸው ግን አሠልጣኞቹ ያላቸው መልስ «ሕዝብ ግንኙነቱን አነጋግሩ» ብቻ ነው። የምጣላቸው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ሙያው የገባሁት ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ የግል ጋዜጣ እንደ አሸን በፈላበት ዘመን ነው። አራት ኪሎ ሰው ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቶ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያነብ፣ እኔ ከወሎ ዜናዬን በፋክስ እልክ ነበር። ከምርጫ 97 ማግስት ብዙዎቹ ጋዜጦች ሲዘጉ የእኔም እንጀራ ተቋረጠ። ጥቂት አስተማርኩ። ከዚያ የአካባቢያችን ኤፍኤም ሳምንታዊ የትንታኔ ሰዓት ሰጠኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ።

ማይክ ፊት ተቀምጦ «ውኃ የለም፣ አስተዳደሩ ተኝቷል» ማለት ማንም ይችላል። አድማጭም ይወድለታል። እኔ ወረቀት ሳልይዝ አልናገርም ብዬ የቆረብኩት ሰው ነኝና፣ በፈረቃ ይመጣ የነበረው ውኃ ከናካቴው ሲጠፋ ወረቀት ፍለጋ ወጣሁ። ለአዲሱ ጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ ተገዝቷል ይባላል። የጉድጓዱ አፍ ግን በቆርቆሮ እንደተከደነ ነው፤ በአጠገቡ ቢጫ ጀሪካን የጫኑ ጋሪዎች ያልፋሉ።

እንደ ደንቡ ከውኃ መሥሪያ ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት ጀመርኩ። ልጁ ትሑት ነው፣ ወንበርም ይስባል።

«ጋሼ፣ የትብብር ደብዳቤ ይዘዋል?»

ይዤ ተመለስኩ። «ለእኛ ሳይሆን ለኃላፊው ተብሎ ይጻፍ» አለኝ። አስተካክዬ አመጣሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከስብሰባው ሥልጠና፣ ከሥልጠናው መስክ። «እስከዚያ ጥያቄዎቹን በጽሑፍ ያስገቡልን» ተባልኩ፤ አስገባሁ። መልስ ብዬ ስጠብቅ የመጣልኝ ግብዣ ነው፦ ሌላ ቀበሌ የተመረቀ ቦኖ እንድጎበኝ። መኪና አለ፣ ምሳ አለ፣ አበልም ይታሰባል። አልሄድኩም። (የሄዱት ባልደረቦቼ ቦኖውን ሲያሞግሱ ሰነበቱ። አበል በልቶ መተቸት እንዴት ይሆናል?)

በሳምንቱ የመሥሪያ ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ «አንዳንድ አካላት ለሚያናፍሱት አሉባልታ የተሰጠ ማብራሪያ» ወጣ። ሳነበው ጥያቄዎቼ ናቸው፤ በእኔው ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ተስተባብለዋል። ገና ያልተላለፈ ፕሮግራም! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ስደውል ደግሞ «በስም ማጥፋት ወንጀል እንጠይቅዎታለን» አሉኝ። የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ አድርጎታል። ይህን ስነግራቸው ስልኩ ተዘጋ።

መውጫውን ያሳየኝ በንብረት ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ ጎረቤቴ ነው። «መረጃ ስጡኝ ብለህ አትጠይቅ» አለኝ፤ «ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፣ ወጪ ሲሆን ሞዴል 22። ፓምፑ የገባበትን 19 ጠይቅ። 22 ከሌለው ዕቃው መጋዘን አለ ማለት ነው፤ መጋዘንም ከሌለ ጉድ ነው።» ከስንት ዓመት ሥልጠና ይህች የጎረቤት ምክር ትበልጣለች።

ሁለት መስመር ጥያቄ ጽፌ በቀጥታ መዝገብ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ደብዳቤውን ተቀበለች፤ በእጄ ያለውን ቅጂ ስዘረጋላት ግን «ቅጂ ላይ አንመታም» አለች። ማን ከለከለሽ ብላት አታውቅም። ከኋላዬ ሰልፉ ረዘመ፣ ሰው ማጉረምረም ጀመረ፣ እኔ ንቅንቅ አላልኩም። በመጨረሻ ተነጫንጫ ማኅተሙን አሳረፈች፤ ቀኑንና ገቢ ቁጥሩንም በእስክሪብቶ ጻፈችበት።

የኔ ምክር እንግዲህ ይኸው ነው፦ ያ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ከፕሬስ መታወቂያችሁ ይበልጣል። አዋጅ 590/2000 መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ያዛል፤ ቀኑ መቆጠሩን የሚመሰክርላችሁ ግን ገቢ ቁጥሩ ነው። ሲከለክሏችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለእንባ ጠባቂ ተቋም፣ ካስፈለገም ለፍርድ ቤት አቤት የምትሉት በእርሱ ነው። ጥያቄ በጽሑፍ አስቀድማችሁ አትላኩ፤ ለሰነድ ጻፉ፣ ለቃለ መጠይቅ ግን በአካል ሄዳችሁ ፊት ለፊት ጠይቁ። ሕዝብ ግንኙነትን መጨረሻ ላይ፣ ሰነዱ በእጃችሁ ካለ በኋላ፣ ለማስተባበያ ብቻ አነጋግሩ። አሠልጣኞቹ ይህን ቢሰሙ ሥነ ምግባር ይጠቅሱብኛል። ይጥቀሱ።

ለኃላፊው የጻፍኩት አቤቱታ፣ ግልባጩ ለእንባ ጠባቂ ተቋም መሆኑ ከግርጌው ስለሰፈረ ይመስለኛል፣ ሰነዱን አስወጣው። ሞዴል 19 አለ፤ ሞዴል 22 የለም። ፓምፑ መጋዘን ውስጥ ከነሣጥኑ ተቀምጧል። ይህንኑ ቁጥሩን እየጠራሁ በአየር ላይ አነበብኩት። ያስተባበለ የለም።

ከግዢ ውሉ ግን ሁለት ገጽ ጎድሏል፤ የማስረከቢያ ቀኑና የቅጣቱ አንቀጽ ያለበት። ለእርሱ ሌላ ጥያቄ አስገብቻለሁ። በዚህኛው የመዝገብ ቤቷ ልጅ ገና ሳልጠይቃት ማኅተሙን አነሣች።