«መሬቱ የማነው?» እማዬና የሜሪላንድ ፓርኮች

እማዬ ከደሴ በመጣች በሦስተኛው ሳምንት በመስኮት ቁልቁል እያየች «እዚህ አገር ሰው መሬት አይረግጥም?» አለችኝ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች የሚታየው የመኪና ማቆሚያና የአውቶቡስ ፌርማታ ነው። የሌሊት ፈረቃ ሠርቼ ጠዋት ስገባ ነጠላዋን ተከናንባ ያችው ወንበር ላይ አገኛታለሁ። ደሴ እያለች ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስማ፣ ገበያ ወጥታ፣ የታመመ ጎረቤት ጠይቃ ነበር ምሳ የምትቀምሰው። እዚህ ከሳሎን ወደ ኩሽና፣ ከኩሽና ወደ ሳሎን ሆነ። ጉልበቷ መያዝ ጀመረ፤ እንቅልፏም ተበላሸ።

እኔ ሜሪላንድ ስኖር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እውነቱን ለመናገር እናቴን ዛፍ ሥር ላስቀምጣት ብዬ ስነሣ የት እንደምወስዳት አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ስላይጎ ክሪክ ነው፤ ከቤታችን በእግር ይደረሳል። ወንዟ ትንሽ ናት፤ ዳርና ዳሯን ዛፍ ይዟታል፣ አጠገቧ የእግርና የብስክሌት መንገድ አለ። እማዬ መግቢያው ላይ ቆመች። በር የለም፣ አጥር የለም፣ ዘበኛ የለም።

«መሬቱ የማነው?» አለችኝ።

«የመንግሥት ነው እማዬ፣ ግቢ።»

«የትኛው መንግሥት?»

የገጠር ልጅ ናት፤ ባለቤት የሌለው መሬት እንደሌለ ታውቃለች። መልስ አልነበረኝም። ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ማጣራት ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቦታ በሄድን ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው የእማዬን ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ክፍያው፣ ሰዓቱ፣ ከሰል ማቀጣጠሉ፣ ቦታ ማስያዙ ሁሉ የሚወሰነው በባለቤቱ ነው። አንድ ካርታ ከፍታችሁ «ፓርክ» ብላችሁ ብትፈልጉ ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሆኖ ይታያችኋል፤ መሬት ላይ ግን አንድ አይደለም።

ስላይጎ ክሪክ የካውንቲ ነው፤ ካውንቲ ማለት በስቴቱ ሥር ያለ የአካባቢ አስተዳደር ነው። የእኛው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ብቻውን ከ400 በላይ መናፈሻዎች አሉት። ብዙዎቹ በነፃ ይገባባቸዋል። ለእኛ የሚመቸን ዊተን የተባለው ፓርክ ነው፤ ልጆች ትንሿ ባቡር ላይ ይሳፈራሉ፣ ጎኑ ደግሞ ብሩክሳይድ የተባለው የአበባ ግቢ አለ፤ 50 ኤከር ነው፣ ወደ 20 ሄክታር መሆኑ ነው፤ ግቢውን ለማየት አይከፈልም። እማዬ ጽጌረዳዎቹን አንድ በአንድ እያሸተተች ሁለት ሰዓት ስትቆይ ጉልበቷ አላስታወሳትም። ለልደት ወይም ለማኅበር ሰው የምትጠሩ ከሆነ ጣሪያ ያላቸው የሽርሽር ቦታዎች በቅድሚያ ፈቃድ ተከፍሎባቸው ይያዛሉ። ያልያዛችሁት ቦታ ላይ ድስት ዘርግታችሁ ባለተራው ሲመጣ መነሣት አለ።

የስቴቱ፣ ማለትም የሜሪላንድ መንግሥት ራሱ የያዛቸው፣ ፓርኮች ሌላ ሕግ አላቸው። ይህን የተማርነው በመጥፎ ቀን ነው። ሐምሌ ውስጥ በአንድ የበዓል ቅዳሜ፣ አራት መኪና ሆነን፣ ሥጋው ከዋዜማው ተከትፎ፣ አዋዜው በጠርሙስ፣ ወደ አንድ የባሕር ዳርቻ ፓርክ ሄድን። አምስት ሰዓት ላይ ስንደርስ ሞልቷል ተብሎ በሩ ተዘግቷል። ሰልፍ ውስጥ የእንባ ያህል ላብ አልቦን ተመለስን፤ እንጀራውን የበላነው የአንድ ሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። እማዬ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ይህ ከመናገሯ ይልቅ ከብዶኛል።

ስለዚህ አጥብቄ የምነግራችሁ ይህን ነው። የሜሪላንድ ስቴት ፓርኮች የመኪና ማቆሚያቸው ከሞላ ሰው አይጨምሩም፤ በተለይ ቼሳፒክ የባሕር ሰላጤ ዳር ያለው ሳንዲ ፖይንትና ሐይቅ ያለው ግሪንብራየር በበዓልና በሞቃት ቅዳሜ ቶሎ ይሞላሉ። ቀድሞ ቦታ ማስያዝ የሚጠይቁበት ቀን ስላለ ከመውጣታችሁ በፊት የስቴቱን የፓርኮች ገጽ ተመልከቱ። ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ዋጋው ይጨምራል፤ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ የሚያስከፍለው በመኪና ሳይሆን በሰው ቁጥር ነው፤ ሰባት ሰው ላሳፈረ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የቆሻሻ ማጠራቀሚያ በርሜል አትፈልጉ፤ ያመጣችሁትን ይዛችሁ ነው የምትመለሱት። ሁለት ጠንካራ ፌስታል መኪና ውስጥ ይኑር። ከጫካ ስትወጡ ደግሞ የልጆቹን ቁርጭምጭሚትና የጉልበታቸውን እጥፋት እዩ፤ እዚህ ያለው መዥገር በሽታ ያስተላልፋል።

ሳንዲ ፖይንት በኋላ ሄደናል፤ በመስከረም፣ ማክሰኞ ቀን። ባዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው ረጅሙ የቤይ ድልድይ ከአሸዋው ላይ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ይታያል። እማዬ እግሯን ውኃ ውስጥ ከታ «ጨው ነው» ብላ ቀመሰችው፤ ከዚያ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሄደችበትን ጊዜ ስታወራን ዋለች።

ግን ልቧን የወሰደው ካቶክቲን ተራራ ነው። ወንድሜ ፍሬድሪክ ከተማ ስለሚኖር ከእሱ ቤት ቅርብ ነው። መንገድ ቁጥር 77 ተራራውን ለሁለት ይከፍለዋል። ከመንገዱ በሰሜን ያለው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ በነፃ ይገባል። በደቡብ ያለው ካኒንግሃም ፎልስ ይባላል፤ የስቴቱ ነው፤ ይከፈልበታል። ተራራው አንድ፣ ዛፉም አንድ ዓይነት። «ወንድማማች የተካፈሉት ርስት ነው» አለች እማዬ፤ እውነትም እንደዚያው ነው። ፌዴራል መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መሬቱን ገዝቶ፣ በ1954 ደቡቡን ለሜሪላንድ ሰጠ። የፕሬዚዳንቶቹ ማረፊያ ካምፕ ዴቪድም በዚያው በሰሜኑ ጫካ ውስጥ ነው፤ እሱ ጋ ግን መቅረብ አይቻልም።

እኛ ያገኘነው ዘዴ ምሳን በሰሜን፣ ውኃን በደቡብ ነው። ቼስትነት የሚባለው የሽርሽር ቦታ ጠረጴዛና የከሰል ምድጃ አለው። ጀበናውን እዚያ ላይ ጣድን። ከዚያ መንገዱን ተሻግረን ከፍለን ገባን፤ ከሐይቁ ወደ ፏፏቴው ግማሽ ማይል ገደማ በዛፍ ጥላ ውስጥ ይኬዳል። ፏፏቴው 78 ጫማ፣ 24 ሜትር ያህል ነው፤ ባንድ ጊዜ አይወርድም፣ በድንጋይ ላይ እየተንሸራተተ ነው የሚመጣው።

ቡናው ሲፈላ የተራራውን ታሪክ ነገርኳት። ይህ ጫካ የጥንት አይደለም። ተራራው ሥር እ.ኤ.አ. ከ1770ዎቹ ጀምሮ የብረት ማቅለጫ ነበር፤ እሳቱ የሚነደው በከሰል ስለሆነ ዛፉ እየተቆረጠ ከሰል ሆነ። ቅርፊቱም ቆዳ ለማልፋት ሄደ። መንግሥት ሲገዛው መሬቱ የደከመ ነበር፤ ዛሬ ፀሐይ የማያስገባው ጫካ ከዚያ ወዲህ ያገገመ ነው። እማዬ ሲኒዋን አስቀመጠች። ከሰል ምን እንደሚያደርግ ለእሷ አይነገራትም፤ የልጅነቷ ጋራ ሲራቆት አይታለች። «ስንት ዓመት ፈጀበት?» አለችኝ። ወደ መቶ ዓመት ይጠጋል ስላት ለረጅም ጊዜ ሽቅብ እያየች ዝም አለች። «የአንድ ሰው ዕድሜ» አለች በመጨረሻ፣ «ብዙ አይደለም።»

ስቴቱ መሬት የሚገዛበት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ያወቅሁት ደግሞ በወንድሜ ነው። የድሮ ቤቱን ሲሸጥ ከወረቀቶቹ መካከል የንብረት ማስተላለፊያ ግብር የሚል መስመር ነበር። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ቤት ሲሸጥና ሲገዛ ከዋጋው 0.5 በመቶ ትወስዳለች፤ ይህ ገንዘብ ፕሮግራም ኦፕን ስፔስ በሚባለው አሠራር ለመናፈሻና ለሚጠበቅ መሬት መግዣ እንዲውል የተደረገ ነው፤ ካውንቲዎችም ይካፈሉታል። 400 ሺህ ዶላር በሚሸጥ ቤት 2 ሺህ ዶላር ማለት ነው። ወንድሜ ያን ዕለት ስለ ግብሩ አጉረምርሞ ነበር። ፏፏቴው ሥር ቆመን ስነግረው ሳቀ፤ «እንግዲያው ከዚህ ድንጋይ አንዱ የእኔ ነው» ብሎ ተቀመጠበት።

ሹገርሎፍ የተባለው ተራራ ግን ለእማዬ ጥያቄ ሌላ መልስ ሰጠን። 1,282 ጫማ ከፍታ አለው፤ ከሜዳው መካከል ብቻውን ብድግ ያለ ነው። መናፈሻ ይመስላል እንጂ የመንግሥት አይደለም። ጎርደን ስትሮንግ የሚባል ባለጸጋ ገዝቶት፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ባቋቋመው ድርጅት በኩል ለሕዝብ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ አደረገ። እማዬ ጫፉ ድረስ አልወጣችም፤ መኪና እስከሚደርስበት ወጥተን ከመመልከቻው የታረሰውን አገር ስታይ ዋለች። ለሰውየው ነፍስ ይማር ብላለታለች።

ራቅ ያሉት ገና ይቀሩናል። የዱር ፈረሶች ያሉበት አሳቲግ፣ በምዕራብ ጫፍ ያለው ስዋሎው ፎልስ፣ የመጀመሪያው የሜሪላንድ ስቴት ፓርክ የሆነው ፓታፕስኮ። ፓታፕስኮ ሩቅ አይደለም፤ ፈረቃዬ አልገጥም ብሎኝ ነው።

የምንመላለስበት ግን የፖቶማክ ወንዝ ዳሩ የውኃ ቦይ ነው፤ የፌዴራል ነው። ከዋሽንግተን እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል ይሄዳል። ጀልባ በበቅሎ ይጎተትበት ነበር፤ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1924 አቆመ። በኋላ የመኪና መንገድ ሊሠራበት ሲታሰብ ዊልያም ዳግላስ የተባሉት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በ1954 ጋዜጠኞችን ይዘው የቦዩን ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ሄዱበት። የመኪና መንገዱ ሐሳብ ቀረ፤ ቦዩ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። ሜዳ ስለሆነ ጉልበቱን ለታመመ ሰው ከዚህ የሚሻል የለም። ስዌይንስ ሎክ ላይ መኪና አቁሞ በነፃ መራመድ ይቻላል፤ የሚከፈልበት ትልቁ ፏፏቴ ያለበት ግሬት ፎልስ ነው።

እዚያም መላ አለው። ዕድሜው 62 የሞላው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው በ80 ዶላር ዕድሜ ልክ የሚያገለግል የብሔራዊ ፓርኮች ካርድ ያገኛል፤ በመኪና በሚያስከፍሉት ቦታዎች አብሮት የተሳፈረው ሁሉ በእሱ ካርድ ይገባል። የልደት ስጦታዋ አድርገን አወጣንላት። ስቴቱም ለአዛውንት ነዋሪዎቹ የራሱ ካርድ አለው፤ ጠይቁ።

ባለፈው ቅዳሜ ግሬት ፎልስ በር ላይ ስንደርስ ካርዱን አልሰጠችኝም። ከቦርሳዋ አውጥታ፣ መታወቂያዋን ደርባ፣ በእኔ በኩል አሳልፋ ራሷ ለጠባቂዋ ዘረጋች። የእንጨቱን ድልድይ ቀስ ብለን ተሻግረን መመልከቻው ጋ ስንደርስ ደሴ ለታናሽ እህቷ በቪዲዮ ደወለች። የውኃው ድምፅ አያነጋግርም፤ ሁለቱም ይጮኻሉ።

«እትዬ፣ የት ነሽ? የማን ግቢ ነው?»

«የእኛ ነው!» አለች እማዬ። «በስሜ ነው የተገባው!»

«እንግዲያው ፊትሽን ተይው፣ ውኃውን አሳዪኝ!»

እማዬ ስልኩን ወደ ወንዙ አዞረችው።