የማርቲንና የሃንተርን ክርክር እንዴት አነበብሁት?

ስለ ሰበር ሥልጣን፣ ማለትም የሕግ ስሕተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ ስለ ማረም ሥልጣን ለማስተማር ስዘጋጅ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1816 በማርቲንና በሃንተር የመሬት ክርክር የሰጠውን፣ የግዛት ፍርድ ቤቶችን ውሳኔ የማረም ሥልጣን አለኝ ያለበትን ውሳኔ መረጥሁ። መጀመሪያ ያነበብሁት ማጠቃለያውን ብቻ ስለነበር፣ አንድ ተማሪ «ይህን ሥልጣን ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማን ሰጠው?» ብሎ ሲጠይቀኝ የሚያረካ መልስ አልነበረኝም። ውሳኔውን የጻፈው የፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል እንደሆነም ተናግሬ ነበር፤ እርሱ ግን ክርክር ከተነሣበት ርስት ጥቅም ስለነበረው ከችሎቱ ተነሥቶ፣ የጻፈው ዳኛ ጆሴፍ ስቶሪ ነው።

ስለዚህ ከመሬቱ ጀመርሁ። ሎርድ ፌርፋክስ እ.ኤ.አ. በ1781 ሲሞት በቨርጂኒያ የነበረውን ሰፊ ርስት ለእንግሊዛዊው የእኅቱ ልጅ ለዴኒ ማርቲን ተናዘዘለት፤ ግዛቲቱ ደግሞ ከዚያው ላይ ቆርሳ ለዴቪድ ሃንተር ሰጠች። የማርቲን ወገን ከብሪታንያ ጋር የተደረጉትን ስምምነቶች ጠቅሶ እ.ኤ.አ. በ1813 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ረታ፤ የቨርጂኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን ከግዛት ፍርድ ቤቶች ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኝ የሚፈቅደው የ1789ኙ (እ.ኤ.አ.) የፌዴራል የፍርድ ቤቶች ሕግ አንቀጽ 25 ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል በማለት ፍርዱን አልፈጽምም አለ። ክርክሩ ያለፈባቸውን ፍርድ ቤቶች በቅደም ተከተል በአንድ ወረቀት ላይ ስጽፍ ነው፣ ጥያቄው ከመሬቱ አልፎ ወደ ሥልጣን መሻገሩን በግልጽ ያየሁት።

ከስቶሪ ሐተታ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ፣ ሥልጣንን የሚሰጠው ጉዳዩ እንጂ ጉዳዩን ያየው ፍርድ ቤት አይደለም የሚለው ነጥብ ነው። ሕገ መንግሥቱ የዳኝነት ሥልጣንን በፌዴራል ሕግና በስምምነቶች ላይ ወደሚነሡ ጉዳዮች ሁሉ ሲዘረጋ፣ ከየትኛው ፍርድ ቤት እንደመጡ አልለየም፤ ኮንግረሱ የበታች የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ባያቋቁም ኖሮ ደግሞ፣ ከግዛት ፍርድ ቤቶች ይግባኝ ካልተፈቀደ በቀር ያ ሥልጣን በአብዛኛው ባዶ ሆኖ ይቀር ነበር። የተማሪዬ መልስ እዚህ ላይ ነበር። አንዱ ስምምነት በየግዛቱ የተለያየ ትርጉም እንዳይሰጠው የሚለው ምክንያትም ጠንካራ ነው፤ ለእኔ ግን የመጀመሪያው ይበልጥብኛል፤ የሚነሣው ከሕገ መንግሥቱ ቃል ነውና።

የመጨረሻውን ትእዛዝ ሳላነብ ላልፈው ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ላልታዘዘው ችሎት አልመለሰም፤ መጀመሪያ ለማርቲን ተፈርዶ የነበረውን በቨርጂኒያ የዊንቸስተሩን የሥር ፍርድ ቤት ፍርድ በቀጥታ አጸና።

ከእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 80(3)(ሀ) ጋር ሳነጻጽረው አሁን እጠነቀቃለሁ። የአሜሪካው ሕግ አንቀጽ 25 የፌዴራል ጥያቄ፣ ማለትም የፌዴራል ሕግ፣ የሕገ መንግሥት ወይም የስምምነት ጥያቄ ባለባቸው ጉዳዮች የተወሰነ ነበር፤ የእኛው ድንጋጌ ግን መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበትን ማናቸውንም የመጨረሻ ውሳኔ ይጠቅሳል። ስለዚህ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ የተማሪውን ጥያቄ ለክፍሉ መልሼ በማቅረብ ትምህርቱን እጀምራለሁ።