ክዳኑ ሲከፈት ጨዋታው ይቀየራል

ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ግራጫ ፕሌይስቴሽን አለ። የመጀመሪያው፣ ክዳኑ ከላይ የሚከፈተው። ላየው ሰው የድሮው ራሱ ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው፤ ራስበሪ ፓይ የምትባል መታወቂያ ካርድ የምታክል ኮምፒውተር፣ አንድ ትንሽ ቬንቲሌተር፣ የቀረው ሽቦ ነው። ገና ትኩስ እያለ ልጻፈው ብዬ ነው።

"ምን አለፋሽ፣ ስልክሽ ላይ አውርደሽ አትጫወቺም?" ያላለኝ የለም። እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጃፓን ውስጥ ገበያ የወጣው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1994 ነው። ፕሮሰሰሩ 34 ሜጋኸርዝ አይሞላም፣ ራሙ 2 ሜጋባይት ናት። አሁን በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ከዛ ይበልጣል። ተራ ስልክ እያፏጨ ያጫውተዋል።

እኔን ያማረኝ ግን ጠቅ የሚለው ነገር ነበር። ክቡን ቁልፍ መጫን፣ ክዳኑ ብድግ ሲል ማየት፣ ሁለት ጆይስቲክ ጎን ለጎን መሰካት። ስልክ ላይ ብቻህን ነህ፣ ጣትህ ደግሞ ግማሹን ስክሪን ይጋርድብሃል።

ስለዚህ ገና ሳልጀምር ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ። ሣጥኑ ላይ ያለ ቁልፍ ሁሉ ድሮ ይሠራው የነበረውን ይሥራ። ለጌጥ የሚቀመጥ የለም። ብዙ ሰው እንዴት እንደሚሠራው አይቻለሁ፤ ሆድ ዕቃውን ያወጣሉ፣ ቦርዱን በሙጫ ይለጥፋሉ፣ ጀርባውን በሴጌቶ ቆርጠው ኬብል ያሳልፋሉ፣ አለቀ። ቁልፎቹ ደንዝዘው ይቀራሉ። ለኔ ያ ሬሳ ማልበስ ነው።

ሣጥኑን ያገኘሁት ታይዋን ነው። ድሬን ለማታውቁ፣ ታይዋን የምንለው ገበያ ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ ነገር ሲፈለግ መጀመሪያ የሚኬደው እዛ ነው። በቀትር ግን አትሂዱ። ድሬ በቀትር ትተኛለች፣ ነፍስ የምትዘራው አመሻሽ ላይ ነው። እዛ አካባቢ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ ሰውዬ አሉ። ከመደርደሪያቸው ሥር የተደራረበ ካሴት ማጫወቻ ነበር፣ በመሀሉ ግራጫ ጥግ ብቅ ብሏል።

"ጋሼ፣ ይቺ ትሠራለች?"

"አቦ ተያት፣ ከሞተች ቆየች። ሌንሷ አላነብ ብሎ ነው ያመጣልኝ፣ ሰውየው በዛው ቀረ።"

"ውስጧስ?"

"ውስጧን ለመለዋወጫ በልቼዋለሁ። ምን ልታደርጊያት ነው?"

"አዲስ ሞተር ልገጥምላት።"

ሳቁ። ዋጋው ላይ ግን አልሳቁም።

ከፍቼ ሳየው እንዳሉት ቦርዱ ላይ የተነቀሉ ቦታዎች ነበሩ። ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም። የሚሠራ ዕቃ ሆዱን ዘርግፎ ሌላ መክተት አልወድም። ሌንሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ የታመመው፣ ሌንስ አስመጥቼ አድናት ነበር። የሞተች ስለሆነች ግን ነፃነት አለኝ። ለነገሩ ይቺ ከተማ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ በ1902 በፈረንጆቹ ሀዲዱ እዚህ ሲደርስ ነው ከተማ የሆነችው። አሮጌ ማሽን ፈትቶ ገጥሞ ማሠራት ድሬ ላይ አዲስ ነገር አይደለም።

የሌንሱ በሽታ የታወቀ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ሌንሱ የተቀመጠው ኤሌክትሪኩን ከሚቀይረው ክፍል አጠገብ ነበር። ያ ክፍል ይሞቃል፣ ሌንሱን ተሸክሞ የሚንሸራተተው ፕላስቲክ እየተበላ ይዘማል፣ ሲዲው መዝለል ይጀምራል። ሶኒ በኋላ ባወጣቸው ሞዴሎች ሌንሱን ከሙቀቱ አርቆታል። እስከዛ ግን ሰው የራሱን መላ አገኘ፤ ዕቃውን በጎኑ ማቆም፣ እሱም ካልሆነ ገልብጦ በጀርባው ማጫወት። ልጅ ሆኜ ተገልብጦ ሲሠራ ሳየው የጌም ቤቱ ባለቤት ድግምት ይመስለኝ ነበር።

ያየሁትም በበር በኩል ነው። በእኛ አቆጣጠር 90ዎቹ መጨረሻ ላይ ሰፈራችን ጌም ቤት ነበር። ጆተኒው በረንዳ ላይ፣ ፕሌይስቴሽኑ ውስጥ። ሴት ልጅ አትገባም። የሚከለክል ጽሑፍ የለም፣ ግን አትገባም፣ ይታወቃል። እኔ የምሄደው ወንድሜን ልጠራ ነበር። እማዬ "ሂጂ ያንን ልጅ ጥሪልኝ" ትለኛለች፣ ሄጄ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ እቆማለሁ፣ እሱ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ "መጣሁ በያት" ይለኛል፣ እኔም ብዙ አልቸኩልም። የእግር ኳሱ ዊኒንግ ኢለቨን ነው፣ ካልሆነ የድብድቡ ተከን 3። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ ስሙኒውና ሽልንጉ ጣሳ ውስጥ ይንኳኳል።

ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን ሲዲ ሲቀየር ነበር። ከባለቤቱ በቀር ማንም አይነካም። ቁልፉን ጫን፣ ክዳኑ ብድግ፣ ሲዲውን በሸሚዙ ጠረግ ጠረግ፣ ክድን። ያ ሁሉ የሚጮህ ጎረምሳ ዝም ይላል። ታነብ ይሆን?

ራስበሪ ፓይዋን የገዛሁት ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ ገዝቷት ከተመረቀ በኋላ መሳቢያ ውስጥ ከረሳት ልጅ ነው። ሦስተኛዋ ሞዴል ናት፣ በፈረንጆቹ 2016 የወጣችው፣ 1 ጊጋባይት ራም ያላት። ለዘመኑ ሥራ ታንሳለች፣ ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ግን ትበቃለች። ሚሞሪ ላይ ሬትሮፓይ የሚባለውን የድሮ ጨዋታዎች ማጫወቻ ጫንኩ። ሶፍትዌሩ ቀላሉ ነገር ነው። ጨዋታዎቹን ከራሴ ሲዲዎች ነው የገለበጥኳቸው፣ ሲዲ ማንበቢያ ያለው ላፕቶፕ ማግኘት ፓይዋን ከማግኘት በላይ ፈተና ነበር።

ሣጥኑ በተራ ካቻቢቴ ይፈታል። ቆርቆሮውን፣ ቦርዱን፣ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ክፍል ሁሉ አወጣሁ። የመጨረሻው የሚሰጠው 7.5 እና 3.5 ቮልት ገደማ ነው፣ ፓይዋ የምትፈልገው 5 ነው። መቀየሪያ ገጥሞ መጠቀም ይቻላል፤ እኔ ግን ሕፃናት በሚነካኩት ሣጥን ውስጥ 220 ቮልት እንዲኖር አልፈለግኩም። ቻርጀሩ ውጪ ይቅር። ፕላስቲኩን በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ አጠብኩት፣ የወጣው አቧራ ለጉድ ነው። ፀሐይ የመታው ጎኑ ቢጫ ብሏል። በፔሮክሳይድ የሚያነጡት አሉ፣ እኔ ተውኩት። ዕድሜው ነው።

ጀርባው ላይ ዕድል ቀናኝ። ከ9000 ተከታታይ በፊት የወጡት ሞዴሎች ከኋላ በትንሽ ፕላስቲክ የተከደነ ሰፋ ያለ ማስገቢያ አላቸው፣ ለተጨማሪ ዕቃ የታሰበ፣ ሶኒ በኋላ ያስቀረው። በዛ ቀዳዳ የኤችዲኤምአዩንም የቻርጀሩንም ገመድ አሳለፍኩ። ሴጌቶ አልነካሁም።

የፓወሩ ቁልፍ ትንሽ ያስቸግራል። ድሮ ሲጫኑት ገብቶ ይቀራል፣ ሲደግሙት ይወጣል፤ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ይቆርጣል። ፓይ ላይ እንደዛ አይሆንም። ኮምፒውተር ናት፣ ሚሞሪው ላይ እየጻፈች ድንገት ቢቋረጥባት ሚሞሪው ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከአሮጌ ሞኒተር የነቀልኳትን ማብሪያ ከቁልፉ ሥር አስቀመጥኩና በሁለት ሽቦ ከፓይዋ 5ኛና 6ኛ ፒን ጋር በየድኳት፤ ፒን የምለው ቦርዷ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን የብረት እግሮች ነው። 5ኛዋ ፒን ልዩ ናት፤ የተኛች ፓይን ትቀሰቅሳለች፣ ቅንብሩ ላይ አንድ መስመር ከተጨመረ ደግሞ በሥርዓቱ ታጠፋታለች። አሁን ቁልፉ ሲጫን እንደድሮው ገብቶ አይቀርም፣ ጠቅ ግን ይላል። ሪሴቱ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ያስጀምራል።

ያስለፋኝም ያስደሰተኝም ክዳኑ ነው። ከሥሩ ትንሽ ምላስ አለችው። ሲከደን ያቺ ምላስ ወርዳ አንዲት ሚጢጢ ማብሪያ ትጫናለች፣ ማሽኑ ክዳኑ መዘጋቱን የሚያውቀው በሷ ነበር። ሽቦዋን ወደ ፓይዋ ወሰድኩት። ፓይዋ የምትሠራበት ሲስተም፣ ሊኑክስ፣ አንድን ፒን እንደ ኪቦርድ ቁልፍ እንዲቆጥር ማድረግ ይቻላል፣ እኔ ከጨዋታ የሚያስወጣውን ኢስኬፕ አደረግኳት። ማብሪያዋ የምትጫነው ሲዘጋ ነው፣ እኔ የምፈልገው ሲከፈት፤ እሱም ቅንብሩ ላይ ይገለበጣል። እና አሁን ኦፕን የሚለውን ስጫን ክዳኑ ብድግ ይላል፣ የሚጫወቱት ጨዋታ ይዘጋል፣ የጨዋታዎቹ ዝርዝር ይመጣል። ክድን፣ ሌላ ምረጥ። ሲዲው የሚቀመጥበትን ክብ ነገር ሆን ብዬ ሳልነቅል ተውኩት። የአክስቴ ልጆች ባዶ መሆኑን ሲያዩ "ሲዲው የታለ?" ይላሉ። አልነገርኳቸውም።

ጆይስቲኮቹ የድሮዎቹ ናቸው። ሁለት ጆይስቲክ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ዕቃ ገዝቼ ፈታሁትና ቦርዱን ሣጥኑ ውስጥ ደበቅኩት፣ ሽቦዎቹን ከፊት ካሉት ማስገቢያዎች ፒን ጋር በየድኩ። እያንዳንዱ ማስገቢያ 9 ፒን አለው፣ ተጠጋግተዋል፣ ዙሪያው ሁሉ ፕላስቲክ ነው። መበየጃው ትንሽ ከቆየ ፕላስቲኩ መቅለጥ ይጀምራል። ትንፋሽ ዋጥ አድርጎ ነካ፣ አንሳ።

ከዛ ሙቀት። ፓይዋ 80 ዲግሪ ስትደርስ ራሷን ለማዳን ፍጥነቷን ትቀንሳለች። ሌላ አገር ይሄ ብዙ አያሳስብ ይሆናል። ግንቦት ላይ፣ ድሬ፣ የተዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ ግን ያሳስባል። የሣጥኑ ጎን ላይ ያሉት ክፍተቶች ድሮም ለአየር የተሠሩ ናቸው፣ ቬንቲሌተሩን ከነሱ ፊት ለፊት አደረግኩት። ድምፁ ትንሽ ይሰማል። እማዬ ዝንብ መስሏት ስትፈልግ ነበር።

መብራት ሲጠፋስ? ብዙ ሰው ለዋይፋዩ የሚጠቀምባትን ባለባትሪ ትንሽ ዩፒኤስ አስቀድሜ ሞከርኩ፣ ስክሪኑ ላይ የመብረቅ ምልክት መጣ። ያ ምልክት ከ4.63 ቮልት በታች ወረደብኝ ማለት ነው። ለዚች ሞዴል 2.5 አምፔር ይመከራል፣ ዩፒኤሷ 2 ነበር የምትሰጠው፣ ገመዱም ቀጭን ነው። ጥሩ ፓወር ባንክና ወፈር ያለ አጭር ገመድ ሲሆን መብረቁ ጠፋ። አሁን መብራት ሲሄድ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል እንጂ ጨዋታው በጨለማ ይቀጥላል፤ እኔ ቶሎ ብዬ ፓወሩን ጠቅ አደርጋለሁ።

ስለ ቴሌቪዥኑ አንድ ነገር ልበል። ሰፊ ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ እነዚህ ጨዋታዎች ያስጠላሉ። ምስሉ ብዙውን ጊዜ 320 በ240 ነው፣ ሲለጠጥ ተጫዋቹ ሁሉ ካርቶን ይሆናል። እኛ ቤት ከአልጋ ሥር የተቀመጠ ሆዳም ቴሌቪዥን አለ። የፓይዋ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የድሮውን የቪዲዮ ምልክትም ያወጣል፣ ግን ገመዱን አይታችሁ ግዙ፤ የሚመሳሰሉ ገመዶች ውስጥ ቪዲዮውና ግራውንዱ ቦታ የተቀያየሩባቸው አሉ። ልክ የሆነው ሲሰካ ምስሉ ይለሰልሳል። ወንድሜ ገና ሲያየው "አሃ፣ ይሄ ነው!" አለ።

ሕጌን እስካሁን ያልፈጸሙት ሚሞሪ ካርድ ማስገቢያዎቹ ብቻ ናቸው። የድሮው ካርድ 128 ኪሎባይት ናት፣ 15 ቦታ። ከጆይስቲኩ ጋር አንድ መስመር ስለሚጋሩ ማይክሮኮንትሮለር በሚባል ትንሽ ቺፕ ማንበብ ይቻላል፣ እሱን ገና እያሰብኩበት ነው። ወንድሜ አንድ አሮጌ ካርድ ከዕቃ መሀል ቆፍሮ አውጥቷል፣ የልጅነት ዋንጫዬ እዚህ ውስጥ ነው ይላል።

አሁን ማታ ማታ ይመጣል። ልጆቹን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ለልጆቹ ብሎ ነው እንግዲህ። ተከን ላይ እኔ አስቸግሬዋለሁ፤ በር ላይ ቆሜ እጁን እያየሁ ያደግኩት ሰውዬ ምን እንደሚጫን አውቃለሁ። ሲሸነፍ ጆይስቲኩን ያገላብጠዋል።

"ክቧ ቁልፍ ይዛብኛለች።"

"እንቀያየር።"

ተቀያየርን። አሁን ደግሞ የኔዋ ነበረች የያዘችው።