ዕጣ የሚበላሸው ከየት ላይ ነው?

ፈላጊው አንድ ሺህ፣ ያለው ቤት መቶ ሲሆን ዕጣ ከማውጣት የተሻለ መንገድ ብዙም የለም። ዘመድ ያለውም የሌለውም እኩል ይቆማል። የጥንት አቴናውያን ለፍርድ ሸንጎ የሚቀመጡትን ሰዎች የሚመርጡት በዚሁ ነበር። የስም ሰሌዳዎቹን ክሌሮቴሪዮን በሚባል ድንጋይ ላይ በረድፍ ሰክተው፣ በጎኑ ባለው ቱቦ ነጭና ጥቁር ኳሶች ይለቃሉ፤ ነጭ ሲወጣ አንድ ረድፍ በሙሉ ይመረጣል፣ ጥቁር ሲወጣ ረድፉ በሙሉ ይሰናበታል። ጉቦ ለመስጠት የሚፈልግ ሰው ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም።

ችግሩ ዕጣ ለአድልዎም የተመቸ መሸፈኛ መሆኑ ነው። «ዕድልህ ነው» የተባለ ሰው ወዴት አቤት ይላል?

ሕዝቡ ዓይኑን የሚጥለው በሚሽከረከረው በርሜል ላይ ነው። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ዝርዝሩ መቼ እንደተዘጋና ማን እንደዘጋው ነው። ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ሰው ዕድሉ እጥፍ ይሆናል። ሳይገባው የገባ፣ ተገቢ ሆኖ የተሰረዘ ካለ በርሜሉ የቱንም ያህል ቢሽከረከር አያስተካክለውም። ስለዚህ ዝርዝሩ ዕጣው ከመውጣቱ ቀናት አስቀድሞ በመለያ ቁጥር ይለጠፍ፣ ቅሬታ ይሰማበት፣ ከዚያ ይዘጋ። ከተዘጋ በኋላ የፋይሉን ሀሽ፣ ማለትም ዲጂታል አሻራውን፣ ለሁሉም ይፋ ማድረግ ነው። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትቀየር አሻራው ፈጽሞ ሌላ ስለሚሆን ማንም ሰው በራሱ ኮምፒውተር አመሳክሮ ያውቃል።

በእጅ የሚወጣ ዕጣ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ከመደባለቅ ጉድለት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1969 ወጣቶችን ለውትድርና የጠራችው በልደት ቀን ዕጣ ነበር። 366 እንክብሎች ከጥር እስከ ታኅሣሥ በወር ተራ ሳጥን ውስጥ ገቡ፤ በደንብ ሳይደባለቁ ወደ ማሰሮ ተገለበጡ፤ የዓመቱ መጨረሻ ወራት ልደቶች በብዛት ቀድመው ወጡ። ቀድሞ የወጣ ቀድሞ ይዘምታል። ማንም አላጭበረበረም፤ ያጠፋው ጥድፊያው ነው። በቀጣዩ ዓመት ቀኖቹን በአንድ በርሜል፣ የተራ ቁጥሮቹን በሌላ በርሜል አድርገው ከሁለቱም አንድ አንድ እያወጡ አጣመሩ። ዛሬም የሚሠራው ዘዴ ይኸው ነው።

ኳስ ከሆነ መመዘን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካዋ የፔንስልቬንያ ግዛት የሎተሪ ኳሶች ውስጥ በመርፌ ቀለም ተጨምሮባቸው ከበዱና መውጣት አቃታቸው፤ ያልተነኩት 4 እና 6 ብቻ ነበሩ። በሦስት አኃዝ ዕጣ ይህ የሚተወው ስምንት ዕድል ብቻ ነው። የወጣውም 666 ሆነ።

ኮምፒውተር ሲገባ ነገሩ ይረቅቃል። ትልቅ ስክሪን ላይ ስሞች ሲሽከረከሩ ማየት ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። አንድ የተለመደ ስህተት እነሆ፦ ከ0 እስከ 99 ቁጥር ለያዙ መቶ ሰዎች ፕሮግራሙ ከ0 እስከ 255 ካሉት ቁጥሮች አንዱን ያወጣል፣ ለ100 አካፍሎ ቀሪውን እንደ ዕጣ ቁጥር ይወስዳል። 256 ለ100 ሲካፈል 56 ይተርፋል። ስለዚህ ከ0 እስከ 55 ያሉት ሰዎች ሦስት ሦስት ዕድል ሲኖራቸው ከ56 እስከ 99 ያሉት ሁለት ሁለት ብቻ ይደርሳቸዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ 200 እና ከዚያ በላይ የወጣውን ጥሎ እንደገና ማውጣት።

ሆን ተብሎ የሚደረገው ደግሞ ይከፋል። በአሜሪካ የሎተሪ ማኅበር የመረጃ ደኅንነት ኃላፊ የነበረው ኤዲ ቲፕተን በሶፍትዌሩ ውስጥ ባስገባው ኮድ በዓመት በተወሰኑ ቀናት የሚወጡትን ቁጥሮች መገመት እንዲቻል አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የ16.5 ሚሊዮን ዶላር ዕጣ የዚህ ውጤት ነበር።

ለዚህ መድኃኒቱ አውጪውን ሰው ማመን የማያስፈልግበት አሠራር ነው። አር.ኤፍ.ሲ 3797 የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ መንገዱን አስቀምጦታል። ዝርዝሩና ስሌቱ አስቀድመው ይታወጃሉ፤ መነሻ ቁጥሩ፣ ማለትም ስሌቱ የሚጀምርበት ቁጥር፣ ማንም ሊቆጣጠረው ከማይችል፣ ገና ወደፊት ከሚሆን ይፋዊ ክስተት ይወሰዳል። ከዚያ ዕጣ ያልወጣለትም ሰው ስሌቱን ራሱ ደግሞ ያንኑ ውጤት ያገኛል።

ተጠባባቂዎችም በዚያው ዕጣ፣ በዚያው ሰዓት በተራ ቁጥር ይውጡና ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈሩ። አንድ አሸናፊ ማስረጃው ሳይሟላ ቀርቶ ቦታው ሲለቀቅ፣ ተተኪው በቢሮ ውስጥ በዝግ የሚመረጥ ከሆነ ያ ሁሉ ጥንቃቄ በዚያች ቦታ ይፈርሳል።