የሰፈራችን ቦይ ሰነድ

ሐዋሳ ውስጥ በምንኖርበት ሰፈር የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ የተሠራው በ2010 ሲሆን፣ ከወጪው ከፊሉ የነዋሪው መዋጮ ነበር። ቦዩ ገና በሁለተኛው ክረምት ተሰነጠቀ። ባለፈው ዓመት ለእድሳቱ እንደገና መዋጮ ሲጠየቅ፣ ጎረቤቶቼ የፊተኛው ገንዘብ ምን ላይ እንደ ዋለ ሳናይ አንከፍልም አሉ፤ እኔም ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ የሥራ ውሉን፣ የክፍያ ሰነዶቹን እንዲሁም የጊዜያዊና የመጨረሻ ርክክቡን ቃለ ጉባኤ ለመጠየቅ ሦስት ሆነን ተወክለን ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድን።

መዝገብ ቤት ያገኘናት ሠራተኛ ማመልከቻችንን በትሕትና አንብባ ስታበቃ፣ «ጋሼ፣ ግን ይህን ለምን ፈለጋችሁት?» አለችኝ። ከክፋት የመጣ ጥያቄ አይመስለኝም፤ ሰነድ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው በሚል ልማድ የሠራ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው። ይሁን እንጂ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል የያዘውን መረጃ የማግኘት መብት ለማንኛውም ሰው የሰጠ ሲሆን፣ ምክንያት የማቅረብ ግዴታ የጣለው ጥያቄውን በማይቀበለው መሥሪያ ቤት ላይ ነው። ስለ መገናኛ ብዙኃን የሚደነግገው ክፍሉ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ቢተካም፣ የመረጃ ነፃነቱ ክፍል አልተሻረም።

የከተማችንን ነገር የሚያከብደው ሌላ ጉዳይ አለ። ሐዋሳ ለረጅም ዘመን የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ፤ ቀጥሎ በ2014 ደቡብ ምዕራብ፣ በ2015 ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተመሠረቱ። ሠራተኛው ሲደለደል፣ ንብረት ሲከፋፈል፣ መዝገቦችም አብረው ተጓዙ። እኛም ለፍለጋ በተመላለስንባቸው ቀናት ደጋግመን የሰማነው «ፋይሉ ወደ ሶዶ»፣ ማለትም ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫዎች አንዷ ወደ ሆነችው ወላይታ ሶዶ፣ «ሳይሄድ አይቀርም» የሚል የቃል መልስ ነበር። ሰነዱ በሌላ አካል እጅ ካለ ጥያቄውን ወደዚያ አካል ማስተላለፍ የተቀባዩ መሥሪያ ቤት ሥራ እንጂ፣ ባለጉዳዩ ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚፈልገው ነገር ሊሆን አይገባም።

የጠቀመን አንድ ትንሽ ነገር ነው። ሠራተኛዋ ማመልከቻውን ተቀብላ ልታስቀምጠው ስትል ቁጥር እንድትሰጠን ለመንኳት። ጠርዙ የተላላጠውን የገቢ ደብዳቤ መዝገብ ከፍታ ከመጨረሻው መስመር ሥር መዘገበችን፤ በእኛ ቅጂ ላይም ቁጥሩንና ቀኑን ጽፋ ማኅተም መታችበት። ሕጉ ለምላሽ የሰጠው 30 ቀን የሚቆጠረው ጥያቄው ከቀረበበት ዕለት ጀምሮ በመሆኑ፣ ያለዚያ ቁጥር «ማመልከቻችሁ አልደረሰንም» ቢባል ምንም ማስረጃ አይኖረንም ነበር።

በ27ኛው ቀን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ጠርተውን የጊዜያዊ ርክክቡን ሁለት ገጽ ሰጡን፤ ለፎቶ ኮፒው ብቻ ከፈልን። በሁለተኛው ገጽ ላይ የቦዩ ርዝመትና የኮንክሪቱ ውፍረት በግልጽ ሰፍሯል፤ በማግስቱ ሜትር ይዘን ወርደን ለካን። ውፍረቱ በወረቀቱ ላይ ካለው ያንሳል። የመጨረሻው ርክክብ ተፈርሞ እንደ ሆነ ግን እስካሁን አላወቅንም። ሰነዱ የት እንደ ተላከ በጽሑፍ እንዲገለጽልን ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤቱታ ያስገባን ሲሆን፣ መልስ ካጣን ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የምንወስደው ማመልከቻ ተጽፎ ተቀምጧል።