ዳክዬዎቹ ሳይሄዱ

መጋቢት ገባ እንጂ ደሴ ገና ጉም ውስጥ ነበረች። ከቤቴ በር ላይ ቆሜ ጦሳን ብፈልገው የለም፤ ተራራው እንዳለ ተሸፍኗል። ወፍ ፎቶ ለማንሳት የሚወጣበት ቀን አልነበረም። ግን ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው እኛ ዘንድ የከረሙት ዳክዬዎች በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። አምና «ሰማዩ ይጥራና እሄዳለሁ» እያልኩ ስዘገይ፣ የደረስኩት ባዶ ውሃ ላይ ነበር። ያ ቁጭት ዓመቱን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከፒያሳ ሚኒባስ ያዝኩ። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ስለዚህ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ብርሃን አገኛለሁ የሚል ተስፋ ነበረኝ። ሾፌሩ መብራት አብርቶ፣ በየመታጠፊያው ጡሩምባ እየነፋ ቀስ ብሎ አወረደን። ጉሙስ ወደ ኋላ ቀረ። ደመናውና የበልጉ ካፊያ ግን አብረውን ወረዱ።

ኩሬው ስም የለውም። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የቦርከና ወንዝ ሲሞላ የሚተኛበት ሜዳ ላይ የቀረ ውሃ ነው፤ ዳር ዳሩን ፊላ በቅሎበታል። መሀሉ ላይ ምንቃራቸው እንደ አካፋ የሰፋ ዳክዬዎች አየሁ። አሥራ አንድ ናቸው። አልሄዱም!

ጎንበስ ብዬ ልጠጋ ስል ሁሉም ወደ ወዲያኛው ዳር ሸሹ። ሁለቱ ሲነሱ በ1/1000 ሰከንድ አነሳኋቸው፤ ለዚያ ፍጥነት ካሜራው አይኤስኦውን፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 6400 አድርሶታል። ምስሉን ባየው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ላባ ከላባ አይለይም።

ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቆሞ ሲያየኝ ነበር። «ጋሼ፣ እንዲያ አጎንብሰው ሲሄዱ አውሬ ይመስሏቸዋል። ከላሞቹ ጋር ይምጡ» አለኝ። እውነቱን ነው። ላሞቹ ውሃው አፍ ድረስ ሲወርዱ ሳቢሳዎች በእግራቸው መሀል የሚበረግገውን ነፍሳት ይለቅማሉ፤ ዳክዬዎቹም ዞር ብለው አያዩአቸውም። እኔም ከአንዲት ቀይ ላም ጎን ጎን፣ እሷ ስትግጥ እየቆምኩ፣ ስትራመድ እየተራመድኩ ወረድኩ። ድንጋይ ላይ ባቄላ የሞላሁትን የጨርቅ ከረጢት አኖርኩና ሌንሱን አስደገፍኩበት።

ከዚያ በኋላ መብረራቸውን መጠበቅ ተውኩ። እነዚህ ዳክዬዎች ሲመገቡ ተከታትለው ይዞራሉ፤ የፊተኛው በእግሩ ያማሰለውን ውሃ የኋላው በምንቃሩ ያጠልላል። የምንቃራቸው ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የደቀቀ ነው፤ ውሃው ይወጣል፣ ምግቡ ይቀራል። አንዱ ወንድ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ለቅጽበት ዝም ይላል። የምጠብቃት ያቺን ቅጽበት ነበር። ፍጥነቱን 1/250 ሳደርገው አራት እጥፍ ብርሃን ገባልኝ፤ አይኤስኦውም 1600 ላይ ወረደ። ከምንቃሩ ጫፍ ሦስት ጠብታ ተንጠልጥሏል፤ ሦስተኛው ሊወድቅ ሲል ቀጥኗል። የአንገቱ አረንጓዴ በፀሐይ ቢሆን ያንጸባርቅ ነበር፤ በዚያ ደመና ሥር ግን ጥልቅና ለስላሳ ሆኖ ነው የታየኝ። ብዙ ከለፋሁባቸው ሥዕሎች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ።

ሳቢሳዎቹ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ካሜራው ጥቁሩን ውሃ አይቶ «ጨለማ ነው» ብሎ ብርሃን ስለሚጨምር፣ ደመናም ሆኖ ነጩ ላባ ይነጣና ዝርዝሩ ይጠፋል። በእጄ ቀነስ ሳደርገው የጀርባቸው ላባ እንደ ተፈታ ድር ዘርዘር ብሎ ወጣ። ልጁን ጠርቼ በስክሪኑ አሳየሁት። ዝም ብሎ ብዙ አየና «የኛዋ ላምም አለችበት» አለ። ጥግ ላይ የቀይዋ ላም ጆሮ ገብቶ ነበር። ቆርጬ ላወጣው ያሰብኩትን ተውኩት።

4 ሰዓት ገደማ ደመናው ተሰነጠቀ። ውሃው ሲያብረቀርቅ ሌንሱን ከደንኩ። ዳክዬዎቹ አሁንም እየዞሩ ነበር፤ ልጁን «ነገም ይኖራሉ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ትላንት ሃያ ነበሩ» አለኝ።